ጭስና ሙቀት አብረው ሲመጡ ትንንሽ ልጆችን እንዴት እናስተምር? ለጅማ መምህራን ዝርዝር መመሪያ

በበጋው፣ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት፣ በጅማ ዙሪያ እሳት ይነሳል። አንዱ ማሳውን ለማጽዳት ይለኩሳል። ሌላው ማር ሲቆርጥ የያዘው ችቦ ያመልጠዋል። ከሰል የሚያከስለውም አለ። ጭሱ ወደ ከተማ ይወርዳል። ሙቀቱም የሚበረታው በዚያው ሰሞን ነው።

መምህራን በየዓመቱ የሚቸገሩት አንድ ቦታ ላይ ነው። ጭስ ሲመጣ በርና መስኮት ይዘጋሉ። ትንሽ ቆይቶ የቆርቆሮ ጣሪያው ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል፤ ልጆቹ ይዝላሉ። ከዚያ ሁሉንም ይከፍቱና ጭሱን ያስገባሉ። ወይም ልጆቹን ዛፍ ሥር ያወጧቸዋል። ጥላ ከፀሐይ ያስጥላል እንጂ ከጭስ አያስጥልም። ጭስ "ዝጉ" ይላል፣ ሙቀት "ክፈቱ" ይላል። ሥራው በሁለቱ መሃል በየግማሽ ሰዓቱ መወሰን ነው።

መመሪያው ለኬጂ፣ ለኦ ክላስ፣ ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል መምህራን ነው። የእሳት ነበልባል ከግቢያችሁ እየታያችሁ ከሆነ ሌላውን ተዉትና በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ጭስ ሳይመጣ የሚያልቅ ዝግጅት

ይህን የምትሠሩት በታኅሣሥ ነው። ጭስ ከመጣ በኋላ አይሞከርም።

ክፍል መምረጥ

1. ኮርኒስ ያለው ክፍል ቅድሚያ ይሰጠው። ኮርኒስ የሌለው ክፍል የቆርቆሮውን ሙቀት በቀጥታ ልጆቹ ራስ ላይ ያወርደዋል።
2. ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታውን ክፍል ተዉት።
3. ከትምህርት ቤቱ ማብሰያ ቦታ ራቁ። ምሳ የሚበስለው በእንጨት ከሆነ የራሳችሁ ጭስ ከጫካው ጭስ ጋር ይደመራል።
4. ግድግዳው ወፍራም የሆነ የጭቃ ቤት ካላችሁ አትናቁት። ብዙ ጊዜ ከስስ ብሎኬት ዘግይቶ ይሞቃል።
5. "ጥሩው ክፍል አንድ ብቻ ነው" ብላችሁ ሁለት ክፍል ተማሪ አንድ ላይ አትጨፍልቁ። 80 ልጅ በራሱ ክፍል ያሞቃል። ከዚያ ይልቅ ፈረቃ አድርጉ።

ቀዳዳ መድፈን

ጭስ በብዛት የሚገባው ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ክፍተት ነው። መስኮቱን ዘግታችሁ ይህን ከረሳችሁ ድካማችሁ ከንቱ ነው። አሮጌ ጨርቅ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቁና ክፍተቱ ላይ ሰኩት። ነገር ግን በምስማር አትምቱት። ሙቀት ሲበረታ በአንድ ጊዜ ተስቦ የሚወጣ መሆን አለበት። ገመድ አስሩበትና ጫፉን ወደ ታች ልቀቁት። ለበሩ ሥር የሚሆን አንድ ረጅም የጨርቅ ጥቅልል አዘጋጁ።

ውሃ

ሒሳቡ ቀላል ነው። 40 ልጅ በየግማሽ ሰዓቱ 100 ሚሊ ሊትር ቢጠጣ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ 24 ሊትር ይሆናል። ይደፋል፣ ደግሞ የሚጠጣ አለ። ስለዚህ ለአንድ ክፍል 2 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመጠጥ፣ 2 ደግሞ ለእጅና ለማቀዝቀዣ አስቀምጡ። የቧንቧ ውሃ በሄደበት ቀን ጭስ ሊመጣ ይችላልና ጀሪካኖቹ ሁልጊዜ ሙሉ ይሁኑ። ውሃው አጠራጣሪ ከሆነ ውሃ አጋር ጨምሩበት። መጠኑን ጠርሙሱ ላይ ካለው ጽሑፍ አንብቡ፤ ከጨመራችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ኩባያ የየራስ ይሁን።

ዝርዝር በወረቀት

መብራት ሲሄድ ስልክ ይሞታል። ስለዚህ በወረቀት ጻፉ፦

* አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች ስምና መድኃኒታቸው የሚቀመጥበት ቦታ፣
* ልጁን መውሰድ የሚችሉ ሁለት አዋቂዎች ስምና ስልክ፣
* ከጫካ ዳር የሚመጡ ወይም ቤተሰባቸው እዚያ ያለ ልጆች። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ።

ስልክ ቁጥሮች

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ብዙ ሰው በቃሉ የያዘው 939 የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ቁጥር ነው፤ ጅማ ላይ እሱን አትመኩ። የከተማችሁን የእሳት አደጋ፣ የቀበሌያችሁንና የቅርብ ፖሊስ ጣቢያችሁን ቀጥታ ስልክ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ደውላችሁ እንደሚነሳ አረጋግጡና በሩ ጀርባ ለጥፉት።

ደረጃ 2፦ ጠዋት፣ በር ከመከፈቱ በፊት መወሰን

ስለ ሙቀት ስናስብ "ጠዋት ጥሩ ነው፣ ልጆቹ በጠዋት ውጭ ይጫወቱ" እንላለን። ጭስ ባለበት ሰሞን ይህ ያሳስታል። ጅማ በኮረብታ የተከበበች ናት። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ አዌቱ ወንዝ ዝቅታ ይወርዳል፣ ጭሱንም ይዞ እዚያው ይተኛል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ነው ጭሱ ወደ ላይ የሚነሳውና የሚበተነው። ስለዚህ በብዙ ቀን ጭሱ የሚከፋው ሙቀቱ ገና ሳይጀምር ነው። ሰዓት አይታችሁ ሳይሆን ውጭውን አይታችሁ ወስኑ።

1. ርቀታቸውን የምታውቋቸው ሦስት ምልክቶች ምረጡ። ከከተማው መሃል የምትሠሩ ከሆነ ጅሬን ኮረብታ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሁለተኛው 3 ኪሎ ሜትር፣ ሦስተኛው 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚርቅ ነገር ይሁን፤ ሚናራ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ፎቅ፣ የስልክ ምሰሶ።
2. ጠዋት 1:30 ላይ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ተመልከቱ።
3. የሩቁ ጥርት ብሎ ከታየ ትምህርት እንደ ወትሮው ይሂድ። በየሰዓቱ ግን ደግማችሁ እዩ።
4. የሩቁ ጠፍቶ የመካከለኛው ከታየ ውጭ ጨዋታና ስፖርት ይቅር፤ ክፍሉን ዝጉ። አስም ያለባቸውን ልጆች ወላጆች አማክሩ።
5. የመካከለኛው ከጠፋ ትምህርቱን አሳጥሩ። መምጣት ያልቻለ ልጅ ቀሪ አይባል።
6. የቅርቡም ካልታየ ወይም አመድ እየወረደ ከሆነ ትንንሾቹን አታስገቡ። ለርዕሰ መምህሩ ንገሩና ወላጅ በር ላይ ሳለ መልሱ። ልጅን ካስገቡ በኋላ መመለስ በጣም ከባድ ነው።

የጠዋት ጭጋግ እንዳያታልላችሁ። ጭጋግ ነጭና እርጥብ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። ጭስ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ይሸታል። በማሽተት ብቻ ግን አትወስኑ። አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። "አሁን ቀለል ብሏል" የምትሉት ለምዳችሁት ሊሆን ይችላል፤ ዓይናችሁን እመኑ።

ደረጃ 3፦ መዝጋትና መክፈት

ከሁሉም በላይ የሚበላሸው ይህ ደረጃ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

1. ሌሊቱ ጭስ ከሌለው ጥበቃው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መስኮቶቹን ይክፈት። ክፍሉ ቀዝቅዞ ይጠብቃችኋል። ጭስ ካለ ተዘግቶ ይደር።
2. ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ነፋሱ የሚመጣበትን መስኮት መጀመሪያ ዝጉ። ከዚያ የጣሪያውን ክፍተት፣ በመጨረሻ የበሩን ሥር።
3. ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት በነጣ ጨርቅ ወይም በካርቶን ከልሉ።
4. ቴርሞሜትር ልጆቹ በሚቀመጡበት ቁመት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከፍ አድርጋችሁ ከሰቀላችሁ የጣሪያውን ሙቀት ነው የምታነቡት።
5. በየ30 ደቂቃው ሁለት ነገር ጻፉ፦ ዲግሪውንና ከምልክቶቹ የትኛው እንደሚታይ።

ከዚያ እንዲህ ወስኑ። ቁጥሮቹ እኔ የምሠራባቸው ወሰኖች ናቸው፤ መመሪያ ያወጣው አካል ካለ የእሱን ተከተሉ።

* ከ28 ዲግሪ በታች፦ ተዘግቶ ይቆይ።
* ከ28 እስከ 32፦ ሹራብና ካልሲ ይውለቅ። ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ያለውን አንድ መስኮት ብቻ ክፈቱ። የልጆቹን ክንድና አንገት በእርጥብ ጨርቅ አብሱ።
* ከ32 በላይ፦ ጭስ ቢኖርም ክፍሉ ተዘግቶ አይቆይ። የጣሪያውን ክፍተት ገመዱን ስባችሁ ክፈቱ፣ ልጆቹን ወደ ቀዝቃዛው ክፍል አዛውሩ። ሌላ ክፍል ከሌለ የዕለቱ ትምህርት አበቃ፤ ወላጆችን ጥሩ።

ለምን ሙቀቱን አስቀደምኩ? በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሙቀት አንድን ትንሽ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ጭስም ይጎዳል፤ አስም ያለበትን ልጅ ቶሎ ሊያጣድፈውም ይችላል። ጤነኛ ልጅ ላይ ግን ለጥቂት ደቂቃ የገባ ጭስ ተዘግቶ ከቆየ ሙቀት ይሻላል።

ክፍሉ ባይሞቅም አየር መቀየር አለበት። 40 ልጅ የሚተነፍስበት አየር ቶሎ ይታፈናል። በየሰዓቱ ምልክቶቹን እዩና ጭሱ ሳሳ ባለበት ቅጽበት ለ5 ደቂቃ ሁለት ትይዩ መስኮት ክፈቱ።

በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ የማይደረግ

ከሰል አይግባ። ቡና አይፈላ፣ እጣን አይጨስ። "የጭሱን ሽታ ይቀይርልናል" ብሎ እጣን የሚያጨስ አለ፤ ጭስ ላይ ጭስ መጨመር ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፤ ሳያስነቃ ይገድላል።

ስለ ማስክና እርጥብ ጨርቅ

ነጠላ አፍ ላይ መጠምጠም ወይም ጨርቅ አርጥቦ መያዝ አመዱን እንጂ ጥቃቅኑን የጭስ ቅንጣት አያስቀርም። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ቅንጣት ከ2.5 ማይክሮ ሜትር ያነሰ ነው፤ የጨርቅ ሽመና አይዘውም። ኤን 95 የሚባለው ማስክ ለአዋቂ ፊት የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ልጅ ላይ በጎን በኩል ክፍት ይሆናል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ምንም ዓይነት ማስክ አታድርጉ። መምህርና ሞግዚት ግን ኤን 95 ካገኛችሁ ልበሱ። እናንተ ከወደቃችሁ ልጆቹን የሚያወጣ የለም።

ስህተት ሲፈጠር

ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ልጆች ባንድ ጊዜ "ራሴን አመመኝ" ካሉ ችግሩ ክፍሉ ነው። ማን አስመሰለ፣ ማን እውነቱን ነው እያላችሁ አትመርምሩ። ሁሉንም አውጡ፣ ከዚያ ፈልጉት።

ማራገቢያ ጭስ አያጣራም። መስኮት ላይ ካስቀመጣችሁት የውጭውን ጭስ ስቦ ያስገባል። ክፍሉ መሃል አድርጉት።

ደረጃ 4፦ የትምህርቱ ቅደም ተከተል

ሰዓቱን አሳጥሩ። በዚህ ሰሞን ከ2 እስከ 5 ሰዓት በቂ ነው። በ6 ሰዓት ከለቀቃችሁ ልጆቹ በቀትር ፀሐይ ይሄዳሉ።

1. 2:00 – 2:20 ሹራብ ማውለቅ፣ ውሃ መጠጣት፣ ስለ ጭሱ ማውራት።
2. 2:20 – 3:30 ፊደልና ቁጥር። ክፍሉ የሚቀዘቅዘው አሁን ነው፤ ጭንቅላት የሚፈልገውን ሁሉ እዚህ ላይ ጨርሱ። ለኬጂ በ10፣ ለ1ኛና 2ኛ ክፍል በ15 ደቂቃ ከፋፍሉት።
3. 3:30 – 3:50 መክሰስ፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት።
4. 3:50 – 4:30 ሥዕል፣ ጭቃ ሥራ፣ ቆርኪ መደርደር።
5. 4:30 – 5:00 ተረት። ከዚያ አንድ ባንድ ለወላጅ ማስረከብ።

በእኛ ክፍሎች የለመድነው አንድ ነገር በዚህ ሰሞን መቅረት አለበት። በኅብረት መጮህ። "ሀ ሁ ሂ" በጩኸት ሲባል ልጅ በኃይል ይተነፍሳል፣ አየሩን ከነጭሱ ወደ ውስጥ ይስባል። የትንሽ ልጅ የአየር ቧንቧ ጠባብ ነው፤ ከክብደቱ አንጻር የሚስበው አየርም ከአዋቂው ይበልጣል። ስለዚህ በሹክሹክታ አስብሉ። ፊደሉን በጣት አየር ላይ ያስጽፉ፣ ወይም ጓደኛቸው ጀርባ ላይ ጽፈው ያስገምቱ። ልጆች ሹክሹክታን ይወዱታል፤ ሚስጥር ይመስላቸዋል። ክፍሉም ጸጥ ይላል፣ እናንተም የሚያስል ልጅ ቶሎ ትሰማላችሁ።

ለመቁጠር ቆርኪ ተጠቀሙ። የቡና ፍሬ በጅማ እንደ ልብ ይገኛል፤ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን አፍንጫው ውስጥ ይከተዋል።

ውሃን ለልጁ ፍላጎት አትተዉ። "የጠማው ይጠጣ" አይሠራም፤ ልጅ ጨዋታ ላይ ከሆነ ጥማቱን አያዳምጥም። በየግማሽ ሰዓቱ መምህሯ ራሷ ኩባያዋን አንስታ ትጠጣ፣ ሁሉም አብሮ ይጠጣ። ሽንት ቤት ደርሶ የተመለሰውን ልጅ የሽንቱን ቀለም ጠይቁት። የጠቆረ ከሆነ፣ ወይም ጠዋቱን ሙሉ ካልሸና፣ ከእናንተ አጠገብ አስቀምጡትና ቶሎ ቶሎ አጠጡት።

ስለ እሳቱ ምን እንበላቸው?

አለማውራት አያዋጣም። ልጆቹ ቤታቸው ሰምተዋል፣ ሰማዩንም ያያሉ። ካላወራችሁ የራሳቸውን ታሪክ ይሠራሉ፤ እሱ ደግሞ ከእውነቱ ይብሳል።

መጀመሪያ ጠይቁ፦ "ውጭ ምን አያችሁ?" ያሉትን ስሙ። ከዚያ አጭር እውነት ተናገሩ። ልጅ "ቲቸር፣ እሳቱ እዚህ ይመጣል?" ሲል እንዲህ መልሱ (የገመዱን ነገር ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ)፦ "አሁን ሩቅ ነው። ትልልቅ ሰዎች እየጠበቁት ነው። ቢቀርብ ገመዳችንን ይዘን አብረን እንወጣለን። እኔ አልለያችሁም።" ማድረግ የማትችሉትን ቃል አትግቡ። "ምንም አይደለም፣ ዝም በል" አትበሉ። "እግዜር ተቆጥቶ ነው"፣ "አላህ ቀጥቶን ነው" አይባልም። ትንሽ ልጅ የተቀጣው በራሱ ጥፋት ይመስለዋል።

"ማን ለኮሰው?" የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እዚህ ላይ አደራ። ክፍላችሁ ውስጥ አባቱ ማር ቆራጭ ወይም ከሰል አክሳይ የሆነ ልጅ ሊኖር ይችላል። የአጎቱ ቀፎ የተቃጠለበት፣ ወንድሙ እሳት ለማጥፋት ሄዶ ያላደረም ይኖራል። በወረቀት ዝርዝሩ ላይ የጻፋችኋቸው እነዚህን ልጆች ነው። "እሳት ሲያመልጥ ማንም ሊመልሰው ይቸገራል" በሉና እለፉ። እነዚያን ልጆች ጠዋት ሲገቡ ለብቻ አግኙ፦ "አባባ ደህና አደሩ?" በቂ ነው። ልጁ ማውራት ከፈለገ ያወራል።

እሳት የሚስል ልጅ አትከልክሉ። ሥዕሉን ሲጨርስ "አሁን ደግሞ የሚረዱትን ሰዎች ጨምርልኝ" በሉት።

ቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ልጆች በድንጋጤ ጊዜ የሚሰሙት የእናታቸውን ቋንቋ ነው። ክፍሉ በአማርኛ ቢማርም ትእዛዝ በሁለቱም ስጡ፦ ውሃ፣ ቢሻን። እሳት፣ ኢቢዳ። ኑ፣ ኮታ። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ከሆነ የምታስተምሩት ክፍል ውስጥ የሚችል ሞግዚት ይኑር።

ደረጃ 5፦ መክሰስ

ወጥ፣ እንቁላልና ወተት ያለበት ምሳ ዕቃ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ወላጆችን ዳቦ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን እንዲልኩ ንገሩ። ቆሎ ለትንንሾቹ አይሁን፤ በሚያስል ልጅ ጉሮሮ ሊሰነቀር ይችላል። ከመብላታቸው በፊት እጅ ይታጠብ፤ አመድ የነካ እጅ ዓይን ያሻል።

ደረጃ 6፦ ልጅ ሲታመም

ሙቀት ሲጥለው

መጀመሪያ የሚታየው፦ ልጁ ይጫወት የነበረው ዝም ይላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ በጣም ያልበዋል፣ ፊቱ ይገረጣል።

1. ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ውሰዱት፣ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ።
2. ልብሱን አውልቁ።
3. በውሃ አርጥቡትና በካርቶን አራግቡ። አልኮል አትቀቡ።
4. ውሃ ወይም ኦ.አር.ኤስ (ለምለም) በትንሽ በትንሹ ስጡ። አንዱ ፓኬት በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ ማሸጊያው ላይ እዩ፤ በብዛት የሚገኘው ለ1 ሊትር ነው። አወፍራችሁ አትበጥብጡ።
5. በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ።

ልጁ ግራ ከተጋባ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ራሱን ከሳተ ወይም የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ከደረሰ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። አንዱ 907 ይደውል፣ ሌላው በዚያችው ደቂቃ ውሃ ያፍስስበት። አምቡላንስ እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ ልጁን ያሳጣል። አምቡላንስ ከዘገየ በተገኘው መኪና ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውሰዱት፤ መንገድ ላይም ማርጠቡን አታቋርጡ። ራሱን ለሳተ ልጅ ምንም አታጠጡ።

ጭስ ሲያፍነው

ደረቱን ገልጣችሁ እዩ። ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ሳለ፣ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። በግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት ልጅ ላይ ያሳስታል። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከዚያ ከፍ ላለ 30 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ሐኪም ይየው። የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ መናገር ወይም መጠጣት ያቃተው ልጅ ከሆነ አትቁጠሩ፤ ይዛችሁ ሂዱ።

አስም ላለበትና ሐኪም ሳልቡታሞል ስፕሬይ ላዘዘለት ልጅ መድኃኒቱን ወደ ሳንባ ለማድረስ የሚያግዘው ዕቃ (ስፔሰር) ከሌለ ባለ 500 ሚሊ ሊትር ሃይላንድ ይሠራል። ይህን ከጭስ በፊት አዘጋጁት፦

1. ንጹህና ደረቅ ሃይላንድ ውሰዱ። ቂጡን በስፕሬዩ አፍ ልክ ቅደዱ፣ ስፕሬዩን ሰኩበት፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ።
2. ስፕሬዩን በደንብ ነቅንቁ።
3. ልጁ የሃይላንዱን አፍ በከንፈሩ ይያዝ።
4. አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ። ልጁ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ቀስ ብሎ ይተንፍስ።
5. ሐኪሙ ያዘዘውን ቁጥር ያህል፣ በየመሃሉ እየነቀነቃችሁ ድገሙ።

የአንዱን ልጅ መድኃኒት ለሌላው አትስጡ።

ዓይኑን ላቃጠለው ልጅ ንጹህ ውሃ ከአፍንጫው ጎን ወደ ውጭ አፍስሱ። እንዳያሸው እጁን ያዙለት።

ደረጃ 7፦ እሳቱ ሲቀርብ

ልምምዱ

ረጅም ገመድ ላይ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ቋጠሮ ቋጥሩ። በጥር ወር "የገመድ ጨዋታ" ብላችሁ ደጋግማችሁ አጫውቷቸው። ቋጠሮ ይዞ መውጣት፣ መሄድ፣ መቆም። የእሳቱን ነገር በጨዋታው ውስጥ አታንሱት። በእውነተኛው ቀን ሰውነታቸው ያውቀዋል።

አወጣጥ

1. ፊሽካ ይነፋ። ቦርሳና ምሳ ዕቃ ይቅር። ጫማ ግን ይጠለቅ።
2. መምህሯ የወረቀት ዝርዝሩን ትያዝ። ሞግዚቷ ውሃና የመድኃኒቱን ቦርሳ ትያዝ።
3. ክፍል ውስጥ ቁጠሩ፣ በር ላይ ቁጠሩ፣ ስትደርሱ ቁጠሩ። ሦስቱ ካልገጠሙ አንድ አዋቂ ብቻ ይመለስ፤ እሱም መንገዱ ክፍት ከሆነ።
4. መምህሯ ከፊት፣ ሞግዚቷ ከኋላ ይሁኑ።
5. በሩን ቆልፋችሁ አትሂዱ። ዝጉት ብቻ።

ወዴት?

ሽቅብ አትውጡ። እሳት ዳገት ላይ በጣም ይፈጥናል፤ ሙቀቱ ከፊቱ ያለውን ሣር አስቀድሞ ያደርቀዋልና። ልጆች ደግሞ ዳገት ላይ ያዘግማሉ። ቁልቁል ወይም ወደ ጎን፣ ከነፋሱ መንገድ ወጣ ብላችሁ ሂዱ። ባሕር ዛፍ ውስጥ አትለፉ፤ ቅጠሉ ዘይት አለው፣ የተቃጠለው ቅርፊቱም ርቆ እየበረረ ሌላ ቦታ ያቀጣጥላል። መድረሻችሁ ባዶ መሬት ይሁን፤ የታረሰ ማሳ፣ ሣር የሌለው ኳስ ሜዳ፣ ሰፊ አስፋልት። ይህን ከቀበሌው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ሁለተኛ አማራጭም ይኑር።

መንገዱ ከተዘጋ

ነበልባል ውስጥ ሮጦ ለማለፍ አትሞክሩ። ዙሪያው ሣር የሌለው ብሎኬት ቤት ካለ ግቡና መስኮት ዝጉ፣ ልጆቹን ወለል ላይ አስቀምጡ። ሣር ክዳን ቤት መጠለያ አይሆንም። ቤትም ከሌለ ባዶ መሬት ላይ በደረታቸው አስተኟቸው፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ሸፍኗቸው። ናይለን ልብስ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃልና አይነካቸው።

ለወላጅ ማስረከብ

ወላጅ ደንግጦ ይመጣል፣ ይጮኻል፣ ልጁን ይዞ ሊሮጥ ይፈልጋል። አትቆጡት። ማስረከቢያው ግን አንድ በር፣ አንድ ሰው፣ አንድ ወረቀት ይሁን። ዝርዝሩ ላይ ስሙ የሌለ ሰው፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ በስልክ ሳይረጋገጥ ልጅ አይወስድም። ልጅ ብቻውን ባጃጅ ላይ አይጫን። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ጥሪ አይገባም፣ አጭር መልእክት ግን አንዳንድ ጊዜ ይደርሳል። "ልጃችሁ ደህና ነው፣ ያለነው እዚህ ቦታ ነው" የሚለውን አስቀድማችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ደረጃ 8፦ ትምህርት ሲዘጋ

የደን እሳት ቶሎ ላይጠፋ ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና እሳት ለሳምንታት ነድዷል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት የሚሆን የቤት ሥራ በወረቀት አዘጋጅታችሁ በታኅሣሥ አስቀምጡ። በቀን አንድ ገጽ ይበቃል፤ አንድ ፊደል፣ አምስት ቁጥር፣ አንድ ሥዕል። ማንበብ የማይችል ወላጅ ታላቅ ልጁ እንዲያሠራው በቃል አስረዱት። የወላጅም አደራ አለ፦ ምግብ የሚበስለው ልጁ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ ቢያንስ በዚህ ሰሞን ምድጃው ይራቅ።

ደረጃ 9፦ ጭሱ ካለፈ በኋላ

1. ልጆች ከመመለሳቸው በፊት ክፍሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። በደረቁ ከጠረጋችሁ አመዱ መልሶ ይነሳል።
2. ጣሪያውንና አሸንዳውን አጽዱ። የዝናብ ውሃ ወደ ሮቶ የምታስገቡ ከሆነ ቧንቧውን ንቀሉ፤ የመጀመሪያው ዝናብ አመዱን አጥቦ ይፍሰስ፣ ከዚያ መልሱት።
3. የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሩጫና ስፖርት ቀንሱ።
4. በየጠዋቱ የሚያስሉትን ልጆች መዝግቡ። ሳሉ ከ2 ሳምንት ካለፈ ወይም ትኩሳት ከጨመረ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ።
5. ያመለጠውን ትምህርት በአንድ ሳምንት ለመድፈን አትሩጡ። ከፊደልና ከቁጥር ጀምሩ፣ ሌላው ይደርሳል። ሌሊት የሚባንን ወይም ከእናቱ አልለይ የሚል ልጅ ካለ ወላጁ ጠዋት ትንሽ አብሮት እንዲቀመጥ ፍቀዱ።
6. ጀሪካኖቹን ሙሉ፣ ኦ.አር.ኤሱንና የስፕሬዩን ማብቂያ ቀን እዩ፣ የገመዱን ቋጠሮ ከአዲሱ የተማሪ ቁጥር ጋር አስተያዩ።